የመውለጃ ቴክኖሎጂው ገብቷል፤ ስለ እሱ የሚያስበው ባለሙያ የት ይቀጠር?

ለጤና ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመራቢያና በዘረመል ቴክኖሎጂ ላይ ለሚሠሩ የባዮኤቲክስ (የሕክምናና የሕይወት ሳይንስ ሥነ ምግባር) ባለሙያዎች የሥራ መደብ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት የመሥሪያ ቤቶቹ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ደመወዝ ለመጠየቅ ነው። ለራሴ አይደለም፤ እኔ መምህር ነኝ፣ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የምጠይቀው ገና ላልተቀጠሩ፣ አንዳንዶቹም ገና ላልተማሩ ሰዎች ነው። የጤና ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ተማሪው ሁሉ ሲወጣ ወደ ኋላ የሚቀር አንድ ልጅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ያው ነው፦ «መምህር፣ ይህን ያጠና ሰው የት ይቀጠራል?» ካስተማርኳቸው በጣም ጎበዟ፣ ስለ ጽንስ ምርምር የጻፈችውን የመመረቂያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ለሌሎች ተማሪዎች የማስነብበው ልጅ፣ አሁን የላቦራቶሪ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሽያጭ ላይ ናት። አልፈርድባትም። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ስከታተል ባዮኤቲክስ የሚል ቃል ያረፈበት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት ጉዳዩ የእናንተና የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጅ ለመውለድ ሕክምና የሚከታተሉ ባለትዳሮች፣ ደማቸውን ለምርምር የሚሰጡ ገበሬዎች፣ ነገ የዘረመል ምርመራ ውጤት በእጃቸው የሚገባ ወጣቶች ሁሉ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመታቱም ወራቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ ልጅ ያጣ ሰው ጠበል ለጠበል፣ ዱዓ ለዱዓ ይዞር ነበር፤ አሁንም ይዞራል። አቅሙ ያለው ደግሞ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ፣ ወደ ቱርክ ይሄዳል። በ2019 ግን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያው የመንግሥት የአይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ዘር ከማህፀን ውጭ የሚዋሐዱበት ሕክምና) ማዕከል ሥራ ጀመረ። የግል ተቋማትም አሉ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ደግሞ አገልግሎቱን በሕግ ለተጋቡ ባልና ሚስት ወሰነው። አዋጁ ማን ይገልገል የሚለውን መልሷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን አብዛኛው የሚነሣው እዚያው ጋብቻው ውስጥ ነው።

የማንንም ተቋም ስም ሳልጠራ ላስረዳ። ባልና ሚስት ጠረጴዛ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነርሷ ብዙ ገጽ ያለው ቅጽ አቅርባላቸዋለች፤ በር ላይ ሌሎች ተራ ይጠብቃሉ። ከገጾቹ አንዱ ስለሚተርፈው ጽንስ ነው። ከሴቷ የተወሰደው እንቁላል ሁሉ ከባሏ ዘር ጋር ተዋሕዶ አምስት ወይም ስድስት ጽንስ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ማህፀን የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ነው። የቀረው በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ለስንት ዓመት? ከሁለቱ አንዱ ቢሞት የማን ይሆናል? ቢፋቱስ? የማስቀመጫው ክፍያ ቢቋረጥ ማን ይወስናል? ባል ነርሷ በጣቷ ያመለከተችው ቦታ ላይ ይፈርማል። ሚስት ባሏ የፈረመበትን አይታ ትፈርማለች። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላስገደደም። ይሁንና ከአምስት ዓመት በኋላ ጠበቃ ይዘው የሚመጡበት ገጽ ይኸው ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ለሕክምናው ገንዘቡን ያወጡት የባል እናት ናቸው፤ ከክፍለ ሀገር ቦታ ሸጠው ነው የመጡት። ውጤት የሚነገርበት ቀን አብረው ገብተዋል። ነርሷ በትሕትና «እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ትላቸዋለች። ሲወጡ ይነገራል፦ ችግሩ የልጃቸው ነው፣ የዘር ፍሬው ቁጥር አነስተኛ ነው። ባልየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ» ይላል። ሚስት ዝም። ለሰባት ዓመት በሠርግም በለቅሶም መካን ስትባል የኖረችው እሷ ናት። ነርሷ የባልን ምስጢር ትጠብቅ? ትጠብቃለች፤ የሙያው ግዴታ ነው። የሚስት ስምስ? ለሷ ማን ይቁምላት? ነርሷ ይህን ማንን ትጠይቅ? ሐኪሙ ሌላ ክፍል እንቁላል እያወጣ ነው፤ የሆስፒታሉ ሕግ ክፍል የሚያውቀው የግዥ ውል ነው።

ከዚያች ነርስ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያስብ፣ ቅጹን ባልና ሚስት ቤታቸው ወስደው ተማክረውበት እንዲመለሱ አድርጎ የሚያሻሽል፣ ባልና ሚስትን አንዴ አብረው አንዴ ለየብቻ የሚያናግር፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲደጋገም መዝግቦ ለሕግ አውጪ የሚያቀርብ ሰው አለ። በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ስም አለው፣ ወንበር አለው፣ ደመወዝ አለው። እኛ ዘንድ አብዛኛው የሚሠራው በትርፍ ሰዓት ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎቻችን (ሁላችንም አይ አር ቢ የምንላቸው) የሐኪሙ፣ የፋርማሲስቱ፣ የሕግ ባለሙያውና የማኅበረሰብ ተወካዩ ደግነት ናቸው። ከመደበኛ ሥራ በኋላ፣ ሻይና ዳቦ ቀርቦ፣ ክምር ፕሮፖዛል ይታያል። እኔም ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነኝና ድካማቸውን አላናንቅም። ነገር ግን ኮሚቴ ምርምር ይገመግማል እንጂ ክሊኒክ ውስጥ አይውልም።

አሁን አንድ አገር ይህን ነገር ከሥሩ እንዴት እንደያዘው ልንገራችሁ፤ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም በምትባል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሉዊዝ ብራውን ተወለደች፤ ከማህፀን ውጭ ተጸንሳ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሰው። አገሩ ግማሹ እልል አለ፣ ግማሹ ደነገጠ። ሐኪሞቹ ይህ ሕክምና ነው አሉ፤ አንዳንድ የሃይማኖት አባቶች የፈጣሪን ሥራ መንካት ነው አሉ፤ ጋዜጦች ስለ ሰው ፋብሪካ ጻፉ። መንግሥት በ1982 አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢ ያደረገው ሐኪም አይደለም፤ ጳጳስም ዳኛም አይደለም። ሜሪ ዋርኖክ የምትባል የፍልስፍና መምህር ናት። ኦክስፎርድ ያስተማረች፣ ከዚያ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የነበረች፣ ቀጥሎም የልዩ ፍላጎት ትምህርትን የሚያጠና ብሔራዊ ኮሚቴ የመራች ሴት ናት። ርዕሰ መምህርትነቷን እዚህ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ወላጅና መምህርን፣ ባለሥልጣንና ቄስን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ማነጋገር ልምድ ይጠይቃል፤ ያ ልምድ በፍልስፍና መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

ኮሚቴው ከባዱን ጥያቄ በብልኃት ያዘው። ሕይወት መቼ ይጀምራል ብሎ ቢነሣ እስከ ዛሬም ስብሰባ ላይ በሆነ ነበር። ይልቅ ለሰው ጽንስ ምን ዓይነት አያያዝ ይገባዋል ብሎ ጠየቀ። ከአባላቱ አንዷ አን ማክላረን ነበረች፤ ዕድሜዋን በአይጥ ጽንስ ምርምር ያሳለፈች ሳይንቲስት። ለማያውቁት አባላት በትዕግሥት አስረዳቻቸው፦ በ14ኛው ወይም በ15ኛው ቀን ገደማ ጽንሱ ላይ ቀጭን መስመር ይታያል፤ የጀርባ አጥንትና የነርቭ ሥርዓት የሚያድጉበት አቅጣጫ የሚያዘው ከዚያ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያው ጽንስ ተከፍሎ መንታ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ሳይሆንም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የ1984ቱ ሪፖርት ምርምር ይፈቀድ፣ ነገር ግን ከ14 ቀን አይለፍ አለ። ዋርኖክ ይህን ቁጥር የወደደችበት ምክንያት በሳይንሱ ብቻ አልነበረም። ቀን ይቆጠራል፤ ሐኪሙም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ፖሊሱም እኩል ይቆጥረዋል። ሕመም መሰማት ሲጀምር የሚል ሕግ ቢወጣ ኖሮ በየላቦራቶሪው ልዩ ልዩ ትርጉም ያገኝ ነበር።

ሁሉም አልተስማሙም፤ ያልተስማሙት አባላት ሐሳብ እዚያው ሪፖርቱ ውስጥ ታተመ። (የእኛ ኮሚቴዎች ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ለምን እንደሆነ ብጠየቅ መልስ የለኝም።) ሕዝቡም ወዲያው አልተቀበለም። በ1985 መጀመሪያ የፓርላማ አባሉ ኢኖክ ፖወል የጽንስ ምርምርን የሚከለክል ረቂቅ ይዞ ቀረበና በሁለተኛው ንባብ በ238 ድምፅ ለ66 አለፈለት፤ ሕግ ያልሆነው የምክር ቤቱ ጊዜ ስላለቀበት ብቻ ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ሙሉ ማስረዳት ሆነ፤ በአዳራሽ፣ በሬዲዮ፣ በፓርላማ። በ1990 ያው ምክር ቤት በ364 ለ193 ምርምሩን ፈቀደ። ሕጉ የወለደው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በ1991 ሥራ ጀመረ፤ እስከ ዛሬም ክሊኒኮችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው እሱ ነው። የዚህ መሥሪያ ቤት ሰብሳቢ ሐኪም ወይም የጽንስ ተመራማሪ እንዳይሆን ሕጉ ራሱ ይከለክላል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንድትሉ እለምናለሁ። ለሥራው የሚያስፈልገው ሙያ ሌላ ነው ብሎ በሕግ የጻፈ አገር ነው።

በ1984 ጽንስን በላቦራቶሪ 14 ቀን ማቆየት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። በካምብሪጅና በኒው ዮርክ ያሉ ተመራማሪዎች እስከ 12ና 13 ቀን የደረሱት በ2016 ነው፤ ሲደርሱም የ14 ቀኑ ገደብ ስላለ አቆሙ። ገደቡ ቴክኖሎጂውን ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ ቆሞ ጠበቀው። እኛ ግን ቅጹን የምናዘጋጀው የጽንስ ማስቀመጫው የናይትሮጅን ታንክ ከመጣ በኋላ ነው። ዋርኖክ በ2019 በ94 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ ስትናገርና ስትከራከር ኖራለች። አንድ ሙያ ማለት እንዲህ ያለ ዕድሜ ሲሰጠው ነው።

«እንግሊዝ ሀብታም ናት» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወላይታ እንሂድ።

በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ እግሩ እያበጠ የሚመጣበት፣ በየቤቱ ዝሆኔ የምንለው በሽታ አለ፤ በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ። ትል የሚያመጣው ዓይነት አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ የመጣ አፈር ቅንጣት በእግር ቆዳ ገብቶ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ነበር፦ ጎረቤታሞች አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር እየዋሉ አንዱ ታሞ አንዱ ለምን ይድናል? በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ስለሚታይ የዘረመል ጥናት አስፈለገ። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በሽታው ከበሽታ መከላከል ሥርዓት ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ግን ከዚያ በፊት ያደረጉትን ነው።

ደም ከመሰብሰባቸው በፊት ወደ ሕዝቡ ሄደው ጠየቁ፤ ውጤቱንም በ2009 አሳተሙት። ያገኙት ነገር ከላቦራቶሪ የሚመጣ አልነበረም። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ልጅ ለመዳር ይቸገራል። ተመራማሪ መኪና ይዞ አንድ ግቢ ደጅ ሲቆም ጎረቤት ሁሉ የዚያን ቤት ዘር ምልክት ያደርጋል። «በሽታው በዘር ይተላለፋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በተሳሳተ መንገድ ከተነገረ፣ ጫማ በማድረግና እግር በመታጠብ የሚከለከለው በሽታ ዕጣ ፈንታ ሆኖ ያርፋል፤ የልጃገረዶቹም ትዳር አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ ከቦታው ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተዘጋጀ፤ ሕዝቡ የሚያውቃቸውና የሚያምናቸው ሰዎች ገቡበት። ከዚያ ተሞክሮ ተነሥቶ ምርምር ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ በአገራችን ተመራማሪዎች እጅ አድጓል።

እንግዲህ ይህ የእኛ ነው፤ ከማንም አልተቀዳም። ግን ያን ዳሰሳ የሚሠራው ሰው የሥራ መደብ ምን ተብሎ ይጠራል? የሚከፈለውስ ከየት ነው? ከፕሮጀክት። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ልምዱም አብሮ ይበተናል፤ ቀጣዩ ፕሮጀክት በሌላ ወረዳ ከዜሮ ይጀምራል።

ከአገር ውጭ ያለው ወገናችን የሚያስታውሰውንም ላንሣ። በ2012 መጨረሻ በእስራኤል ቴሌቪዥን የተላለፈ ፕሮግራም ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን አነጋገረ። ከአገር ሳይወጡ በመሸጋገሪያ ካምፕ እያሉ በየሦስት ወሩ የሚወጋውን የወሊድ መከላከያ፣ ዴፖ ፕሮቬራን፣ ካልወሰዳችሁ አትሄዱም የሚል ጫና እንደነበረባቸው አንዳንዶቹ ተናገሩ። በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለጤና ተቋማቱ ደብዳቤ ጻፉ፦ ሴቷ የመርፌውን ውጤት መረዳቷ የሚያጠራጥር ከሆነ አታድሱላት የሚል። በ2016 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ሴቶቹ ለመገደዳቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በዚህ ጉዳይ ወገን ይዞ የሚጮኸው ብዙ ነው፤ እኔ ወደዚያ አልገባም። የምለው አንድ ነገር ነው። «ተገደደች ወይስ አልተገደደችም?» የሚለው የኦዲተርና የጠበቃ ጥያቄ ነው። ባዮኤቲክስ የሚጠይቀው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፦ ማን ነገራት? በምን ቋንቋ? ያን ቀን አልፈልግም ብትል ጉዞዬ ይስተጓጎላል ብላ የምትፈራበት ምክንያት ነበራት? እነዚህ ጥያቄዎች በሥፍራው፣ በዚያው ሳምንት ካልተጠየቁ ከዓመታት በኋላ በፋይል አይገኙም። ያኔ በካምፑ ውስጥ ይህን የመጠየቅ ሥራ የተሰጠው ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ብዙው ነገር በጽሑፍ በያዝነው ነበር።

ባለሙያ ካለ ሁሉ ነገር ይስተካከላል አልልም፤ በቻይናዋ ሼንዘን ከተማ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በኅዳር 2018 ሄ ጂያንኩይ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ ክሪስፐር በተባለው መሣሪያ ዘረመላቸው የተለወጠ መንታ ሴቶች መወለዳቸውን አስታወቀ። አባታቸው ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ነበር፤ ተመራማሪው ሲሲአር5 የሚባለውን ጂን በማጥፋት ልጆቹን ከቫይረሱ አድናለሁ ይል ነበር። (ቫይረሱ ከአባት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የአባትን ዘር አጥቦ መጠቀም የተለመደ ሕክምና መሆኑን ልብ በሉ። ለእነዚያ ልጆች ያ ለውጥ አያስፈልግም ነበር።) የፈቃድ ቅጹ ሥራውን የኤድስ ክትባት ልማት ፕሮጀክት ብሎ ነበር የሚጠራው። ባልና ሚስቱ ጽንሱ ማህፀን ከገባ በኋላ እናቋርጥ ቢሉ የወጣባቸውን ወጪ እንዲመልሱ የሚል አንቀጽም ነበረው። ቅጹ ተፈርሟል። የሥነ ምግባር ማረጋገጫ ወረቀትም ነበረ፤ ፍርድ ቤቱ ኋላ ሐሰተኛ ሆኖ አገኘው። ሰውየው በታኅሣሥ 2019 ሦስት ዓመት እስራትና 3 ሚሊዮን ዩዋን ተፈረደበት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያሳፍረኝ የሙያው ድርሻ ነው። ይህ ሰው ከአሜሪካ የሥነ ምግባር ምሁራን ጋር ብዙ ጊዜ ተገናኝቶ ተነጋግሯል፤ አንዳንዶቹ ተው ብለውታልም። ሥልጣን የሌለው ምክር ግን ምክር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲያውም ተመራማሪው «ምሁራን አማክሬያለሁ» የሚልበት ጌጥ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ቅጠሩልን ስል እግረ መንገዴን የምለምነው እንደ ጌጥ እንዳትቀጥሩት ነው። ከአይ ቪ ኤፍ ክፍሉ ኃላፊ ሥር ሆኖ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን ከዚያው ኃላፊ የሚቀበል፣ ጉርሻውም በታካሚ ቁጥር የሚሰላ ከሆነ ባይቀጠር ይሻላል።

ጥቂት የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ። የሃይማኖት አባቶች አሉን፣ ይህን ለእነሱ እንተወው የሚል አለ። አባቶች ቦታቸው የታወቀ ነው፤ ማንም አይነጥቃቸውም። ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1987 ባወጣችው ሰነድ አይ ቪ ኤፍን አትቀበልም፤ አብዛኞቹ የሱኒ ሊቃውንት ደግሞ በባልና ሚስት መካከል ከሆነ ይፈቅዳሉ። አንዱ ሆስፒታል ሁሉንም ያስተናግዳል። ሼኩም ቄሱም ፓስተሩም በመጀመሪያ በትክክል ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ማክላረን ለኮሚቴዋ ያደረገችው ያን ነው።

በጀት የለም ለሚለው ብዙ አልናገርም። ኢንኩቤተሩም፣ የናይትሮጅን ታንኩም፣ የእንቁላል ማውጫ መርፌውም በዶላር ነው የሚገዛው። ይህ ሰው የሚቀጠረው በብር ነው።

«ሐኪሞቻችን ሥነ ምግባር ተምረዋል» ለሚለው ግን ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም አስተማሪው እኔ ነኝ። አንድ ሴሚስተር፣ የተጨናነቀ ክፍል፣ ጠዋት ከሆስፒታል የተግባር ልምምድ የመጣ የደከመ ተማሪ። የሕክምና ተማሪ ከዚህ ትምህርት ወጥቶ ለታካሚው አክብሮት ቢኖረው ደስታዬ ነው። ስለ ተለገሰ እንቁላል፣ ስለ ጽንስ የዘረመል ምርመራ፣ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ስለሚላክ የኢትዮጵያውያን ደምና ከሱ ስለሚወጣው ዳታ ባለቤትነት ብይን ይስጥ ብሎ መጠበቅ ግን ማታለል ነው። በእንግሊዝ በ2005 ዘር የሚለግስ ሰው ማንነት ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው እንዲገለጥ የሚያደርግ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል፣ ከጀርባው የለጋሽ ልጆች «ከማን እንደተወለድን የማወቅ መብት አለን» ያሉበት የብዙ ዓመት ክርክርና ጥናት ነበር። እኛ አገር ሕጉ ልገሳ ላይ በሩን ቢያጠብም ሰው ወደ ውጭ ሄዶ ተገልግሎ ይመለሳል። ልጁ እዚሁ ያድጋል። አባቱ ማን እንደሆነ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ በሚያውቅ ማኅበረሰብ ውስጥ ያ ልጅ አንድ ቀን ጠይቆ የሚመጣበት ቢሮ የት ነው?

እንግዲህ ጥያቄዬን በዝርዝር ላቅርብ። ጤና ሚኒስቴር ለመራቢያ ሕክምና ተቋማት ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ፣ የቅጹንና የምክክሩን ሥራ የሚይዝ፣ ተጠሪነቱ ከክሊኒኩ ኃላፊ ውጭ የሆነ አንድ የሥነ ምግባር ባለሙያ መኖሩን መመዘኛ ያድርግ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው ለሁለትና ለሦስት ተቋም ቢያገለግል አልከፋም። አዋጁን ተከትለው የሚወጡት መመሪያዎች ሲዘጋጁም የኮሚቴው ሰብሳቢ የመሃንነት ሐኪም ባይሆን መልካም ነው፤ ሐኪሞቹ ይኑሩበት፣ ያስረዱ፣ ግን አይምሩት። ያልተስማማ አባል ካለ ሐሳቡ ከውሳኔው ጋር ይውጣ።

ከትምህርት ሚኒስቴር የምፈልገው ሕንፃ አይደለም። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በሕግ፣ በፍልስፍና፣ በነርሲንግና በሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍሎች መካከል ተመላልሰው እንዲማሩ የሚያስችል ፈቃድና ጥቂት የምርምር ገንዘብ ይበቃል። ለነርሶች የመጀመሪያውን ወንበር ስጡ እላለሁ፤ ይህ የእኔ አድልዎ ነው። ከታካሚው ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸውና። በውጭ ዕድል አግኝተው ቤልጅየምና አሜሪካ የተማሩ ልጆቻችን እዚያው የቀሩት አገራቸውን ጠልተው አይደለም፤ እዚያ የሆስፒታል ሥነ ምግባር አማካሪ ተብሎ በደመወዝ መቀጠር ይቻላል።

ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ደግሞ ቁልፉን የያዘ ቢሮ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ቢያስተምር፣ ሆስፒታሉ ቢፈልግ፣ መደቡ ካልተመዘነና ደረጃ ካልወጣለት የሰው ሀብት ክፍል ማስታወቂያ ማውጣት አይችልም። መደቡ የመግቢያ ደረጃ ብቻ ሳይሆን የእድገት መሰላልም ይኑረው፤ አለዚያ የተቀጠረው ልጅ በሁለት ዓመቱ ወደ ፕሮጀክት ይሄዳል።

የሚቀጥለው በጀት ዓመት መዋቅር ከመጽደቁ በፊት ምላሻችሁን ለሕዝብ በግልጽ እንድታወጡት እጠይቃለሁ። የማይቻል ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍ። የሚቻል ከሆነ የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ተፈላጊ ችሎታውና ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ የሰፈረበት አንድ ገጽ ይበቃል፤ በመደቡ ዝርዝር ላይ አስተያየት ከፈለጋችሁ እኔም ሌሎች መምህራንም ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር

የጤና ሥነ ምግባር መምህርና የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አባል
አዲስ አበባ